ሦስት ቀን ሳይቀበር የከረመው አባቴ

አባቴ በሞተ በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሁሉ ነጠላውንና ጋቢውን አፍንጫው ላይ ጠቅልሎ ነበር የተቀመጠው። ለሐዘን አልነበረም፤ ለሽታው ነው። ያን ሽታ ያመጣነው ደግሞ እኔና ወንድሜ ነን። ነገሩ ካለፈ ብዙ ዓመት ቢሆነውም ለባለቤቴ እንኳ ሙሉውን አልነገርኳትም። እዚህ ስጽፈው ምንም ሳልቀንስ ልጻፈው፤ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ቴፒ ከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከሥራ ውጭ ያለኝን ጊዜ የማሳልፈው ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። መዝሙር አስጠናለሁ፣ ጉባኤ እመራለሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን ሰው ማረም እወዳለሁ። ጾም የሻረ ወይም ጠንቋይ ቤት የሄደ ምእመን ካለ ወሬው ቀድሞ የሚደርሰው ለእኔ ነው። «መምህር ተካልኝ» ሲሉኝ ደረቴ ይነፋል።

የማፍርበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ አባቴ።

አባባ የሸካ ሰው ነው፤ ከጌጫ በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር ነበር የሚኖረው። በዕድሜው ሦስት ስም ወጥቶለታል። ሲወለድ አደሎ አሉት። በጎረምሳነቱ ከአንድ ሙስሊም ነጋዴ ጋር በቅሎ እየነዳ ሲዞር የሰውየውን ልጅ ወደዳት፤ ሰልሞ ጀማል ተባለና አገባት። ታላቅ ወንድሜ ከድር የእሷ ልጅ ነው። እሷ ሞታ ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ እናቴን አገባ፤ ያኔ ተጠምቆ ወልደ ማርያም ሆነ። እናቴም ስትሞት፣ እኔና ከድርም ወደ ከተማ ስንገባ፣ አባባ ወደ መጀመሪያ ስሙ ተመለሰ።

ከቤቱ በላይ አያቶቹ ያከብሩት የነበረ፣ ዛፉ የማይቆረጥ ጫካ አለ። የማር ወቅት ሲደርስ መጀመሪያ የተቆረጠውን ማር በኮባ ቅጠል ይዞ ብቻውን እዚያ ይገባል። ምን እንደሚል አላውቅም፤ ጠይቄውም አላውቅም። ለእኔ ጣዖት ማምለክ ነበር፤ ለከድር ሽርክ ነበር። በሌላው ነገር ሁሉ የማንግባባ ወንድማማቾች አባታችንን በመናቅ ግን አንድ ነበርን።

ሰኔ ሊገባ ሲል ከጌጫ የመጣ የአይሱዙ ሾፌር ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ አስጠራኝ። «መምህር፣ አባትህ ደክሟል። ቶሎ ብትሄድ ይሻላል» አለኝ። በማግስቱ በዚያው መኪና ወጣሁ፤ ቀሪውን በእግሬ፣ በጭቃ፣ በዝናብ ሄጄ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ስገባ አባባ መደቡ ላይ ተኝቷል። ከአጠገቡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱን በግራ ክንዱ ደግፎ፣ በቀኙ ገንፎ ያጎርሰዋል። ሰውየውን ወዲያው ለየሁት። ሻሎ ነው።

ሻሎ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። በእኛ አገር ማንጆ የሚባሉ ሰዎች አሉ። በአደንና በከሰል የሚኖሩ፣ በጫካ ጥግ የሰፈሩ ናቸው። እኔ ስሙን እንደ ስድብ ነበር ስሰማ ያደግኩት። ጉሬዛና ከርከሮ ስለሚበሉ ርኩስ ናቸው ይሉናል፤ ቤት አይገቡም፣ ከኛ ዕቃ አይጠጡም። ውሃ ሲጠይቁ በቅጠል ነው የምንሰጣቸው፤ ቅጠሉንም እንጥለዋለን። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ይህን አላስተማረንም፤ ግን ስንጠመቅም ስንሰልምም ይዘነው ገባን። ሻሎ ከአባባ ጋር ከልጅነት ጀምሮ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ነው። በልጅነቴ አይቼው የማውቀው ከአጥር ውጭ ቆሞ ነው። አሁን ግን በእናቴ ጻሕል፣ በእናቴ ማንኪያ፣ አባቴን ያጎርሳል።

«ምን ታደርጋለህ እዚህ?» አልኩት።

ደንግጦ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። «ስለ አንተ ልሙት ጌታዬ» አለ። ይህ ለእኛ የሚሰጡት ሰላምታቸው ነው። በዕድሜ አባቴ ነው፤ ለእኔ ነው እንዲህ የሚለው።

«ውጣ!»

«ተካ፣ ተወው» አለ አባባ። ድምፁ ከጉሮሮው አይወጣም። «እሱ ባይኖር በውሃ ጥም ነበር የምሞተው። ከስሬ የሚጠርገው እሱ ነው።»

ጻሕሉን በሁለት ጣቴ ጫፍ አንሥቼ ግቢው ውስጥ ወረወርኩት። ተሰበረ። አባባ ስብርባሪውን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

«ሻሎ፣ አትሂድ። አንተም ስማ» አለ ቀስ ብሎ። «ስሞት ሼህ አትጥሩ፤ ቄስም አትጥሩ። ተቀይሜ አይደለም። በሁለቱም ቤት ደግ ሰው አግኝቻለሁ። ግን እናቴ ያለችው እዚያ ጫካው ጥግ ነው። እሷ ጋ አስገቡኝ። ቦታውን ሻሎ ያውቀዋል።» ከዚያ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። «እሺ በለኝ ተካ።»

«አባባ አሁን ዕረፍ» አልኩት።

እሺ አላልኩም። እሱም እንዳላልኩ ገብቶታል። ሻሎን ወደ ውጭ አስወጣሁት፤ ጣሪያው ስር ሊጠለል ሲል ከአጥር እንዲያልፍ አደረግኩት።

አባባ በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ሞተ። ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቀኝ «ሻሎ መጥቷል?» ብሎ ነው።

ወዲያው ወደ ጌጫ ሰው ልኬ ቄስ አስጠራሁ፤ ለከድርም ከጌጫ ወደ ቴፒ በስልክ መልእክት አስላክሁ። ቄሱ ጭምት፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው። ሬሳውን አይተው ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ ወልደ ማርያም ከቤተ ክርስቲያን ከራቀ ቆይቷል። በመጨረሻ ምን አለ?»

«ተጸጽቷል አባ። ‹በጥምቀት ስሜ ቅበሩኝ› ብሎ አለቀሰ» አልኳቸው።

ያን እንባ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ውሸቱ ሲወጣ አልከበደኝም። እንዲያውም የአባቴን ነፍስ እያዳንኩ መሰለኝ።

አመሻሽ ላይ መቃብር ቆፋሪዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ሲነሡ ከድር ደረሰ። አንድ ሼህና አምስት ሰዎች ይዞ፣ የሬሳ መጠቅለያ ነጭ ከፈን በእጁ አንጠልጥሎ ነበር የመጣው። ሰላም ሳይለኝ «ማን ፈቅዶልህ ነው?» አለ።

«ጋሼ፣ አባባ በክርስትናው ነው ያረፈው።»

«ወላሂ ውሸት ነው! ባለፈው ጁምዓ መጥቼ ሸሃዳ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ደግሞልኛል!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ አሁንም ይቀፈኛል። የእሱ ሰዎች ቃሬዛውን በእግር በኩል ያዙ፣ የእኛ ሰዎች በራስ በኩል። ሲጓተቱ የአባባ ክንድ ከመግነዙ ወጥቶ ወደቀና እየተወዛወዘ የአንዱን ጉልበት መታው። አንድም ሰው አልለቀቀም። እኔም አልለቀቅኩም። የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት ሚሊሻ ይዞ ደርሶ ነው የገላገለን። «ማን እንደሆነ ሳይጣራ ይህ ሰው አይቀበርም። ነገ ሽማግሌ ይቀመጣል» ብሎ ሬሳውን ወደ ቤት አስመልሶ በሩ ላይ ሚሊሻ አቆመ።

በሁለተኛው ቀን ሽማግሌ ተቀመጠ። እኔ መጽሐፍ ቅዱስ መትቼ ማልኩ፤ ከድር በቁርአን ማለ። ሽማግሌዎቹ ተጨነቁ፤ ሊቀመንበሩ ለወረዳ ጻፈ። ዝናቡ ግን አላቆመም፤ ወደ ወረዳ የሄደው ሰውም አልተመለሰም። ከሰዓት በኋላ ከበሩ ስር አንድ ጣፋጭ የሚመስል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ማንም ያሸተተ አልመሰለም። ቀጥሎ ሰዎች ቦታ መቀየር ጀመሩ። ማታ ላይ ሁሉም ሰው ከለቅሶው ሸራ ወጥቶ እንሰቱ ስር ቆሞ ነበር።

ሼሁ ወደ እኔና ወደ ከድር መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። «ልጆቼ፣ የሬሳ ክብሩ መፍጠን ነው። እኔ የተከራከርኩበትን ትቻለሁ። ይቀበር ብቻ» አሉ።

«እርስዎ ቢተዉ እኔ አልተውም» አለ ከድር።

ቄሱም ለብቻዬ አነጋገሩኝ። «ተካልኝ፣ በልብህ የያዝከው ነገር ካለ አሁን ንገረኝ።»

«የለም አባ» አልኩ። ዐይናቸውን እያየሁ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ አባቴን እንዲሸት ያደረጉት ሃይማኖቶቹ አይደሉም። ሁለቱ አገልጋዮች ለመልቀቅ ተዘጋጅተው ነበር። የያዝነው እኛ ነን።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ከበሩ ስር ውሃ የመሰለ ነገር ፈሶ ደጃፉን አርሶት አገኘነው። ዝንቡ ግድግዳውን አጥቁሮታል። ለለቀስተኛው ንፍሮ ቀርቦ ነበር። አንድ ትልቅ ዝንብ ከደጃፉ ተነሥቶ መጥቶ ንፍሮው ላይ ሲያርፍ አየሁ። ስለ ጥምቀት እየተከራከረ የነበረ ዘመዳችን በእጁ እሽ ብሎ አባረረውና ከዚያው ጨልፎ ቃመ። ክርክሩንም ቀጠለ። እዚያው ቆሜ አስታወኩ።

ሊቀመንበሩ ተስፋ ቆርጦ «በሉ ለጊዜው አውጡትና ይቀበር፤ ኋላ ይጣራል» አለ። ሚሊሻዎቹ ገብተው እየሮጡ ወጡ። ከድር ሻሽ ፊቱ ላይ ጠምጥሞ ገባና ወዲያው ተመልሶ አጥሩን ተደግፎ አስመለሰው። «አንተ ግባ» አለኝ ዐይኑ እንባ እያቀረረ፤ ከማስመለሱ የመጣ እንባ ነው። አልገባሁም።

ይሄኔ ነው ሻሎ የመጣው። እስከ ጉልበቱ ቀይ ጭቃ ነው። በትከሻው ዶማ፣ በእጁ የኮባ ቅጠል ይዟል። እንደ ልማዱ ከአጥር ውጭ ቆመ።

«ጉድጓዱን ቆፍሬ ጨርሻለሁ» አለ።

«የምን ጉድጓድ?» አለው ሊቀመንበሩ።

«የአደሎን። ጫካው ጥግ፣ ከእናቱ አጠገብ። እዚያ አስገቡኝ ብሎናል። ልጁም ቆሞ ሰምቷል።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ቄሱ አዩኝ። ከድር አየኝ። ዝናቡ ሸራው ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማል። «እውነቱን ነው» ለማለት ሁለት ቃል ነው የሚበቃው።

«ይዋሻል» አልኩ። «ደግሞ ለአባቴ ማንጆ ሊመሰክርለት ነው?»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ሦስት ቀን ሙሉ ያልተስማማው ሕዝብ በዚህ ተስማማ። በዚያ ግቢ ውስጥ ከተሰማው ሽታ ሁሉ የከፋው ከእኔ አፍ የወጣው ነው።

ሻሎ ዶማውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ገባ። ሰዉ እንዳይነካው ወዲያና ወዲህ ተከፈለለት። በሩን ከፍቶ ገባና ዘጋው። ቆየ። የውሃ ድምፅ ይሰማል። በመሀል በመሀል ደግሞ የእሱ ድምፅ ይሰማል፤ ነቅቶ ከተጋደመ ሰው ጋር እንደሚያወራ፣ «እሺ፣ ቀስ፣ ትንሽ ዙርልኝ» ይላል። በመጨረሻ በሩን ከፈተ። አባባ በኮባ ቅጠልና በሻሎ በራሱ ጋቢ ተጠቅልሎ ቃሬዛው ላይ ተኝቷል።

«አንድ ሰው ከወዲያ በኩል ይያዝልኝ» አለ።

ከሴቶቹ በኩል «ማንጆ አጠበው!» የሚል ድምፅ ተነሣ። ከዚያ ሁሉም በአንዴ መናገር ጀመረ። ከእኛ ወገን አንዱ «ከእንግዲህማ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዴት ይገባል?» አለ። ከከድር ወገን ሌላው «እኛስ መቃብር ማን ያስገባዋል?» አለ። ቄሱ «ይህን ማን አስተማራችሁ?» ብለው ጮኹ፤ ማንም አልሰማቸውም፣ እሳቸውም አልደገሙትም። ደም ሊያፋስስ የነበረው ጠብ አንድ ሲጋራ ተጭሶ በማያልቅበት ጊዜ አለቀ። ሰው ጃንጥላውን ማንሣት ጀመረ። ከድር ያን ነጭ ከፈን አራት ቦታ አጥፎ ፌስታል ውስጥ ከተተው።

አባቴ የፈለገው ቦታ ሊቀበር ነው፤ ቃሉን ያከበረለት ሰው ስለተገኘ ሳይሆን ሁሉም ስለተጸየፈው ነው።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት ሼሁ ናቸው። ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ከድር «ሼህ!» እያለ ሲጠራቸው ዞር ሳይሉ፣ ሄደው ቃሬዛውን በእግር በኩል ያዙ። ለማንሣት ሞከሩ፤ አቅም አነሳቸው። ጎንበስ እንዳሉ ቀና ብለው አዩኝ። ያ ሽማግሌ ባይኖር እስከ ዛሬም እዚያ ግቢ ውስጥ ቆሜ የምገኝ ይመስለኛል። ሄጄ ተቀበልኳቸው። ሻሎ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ዳገቱን ወጣን። ሼሁ ቃሬዛውን ከጎን ደግፈው ሄዱ። ቄሱ ራቅ ብለው ተከተሉን። ከሕዝቡ ሌላ ሰው አልመጣም።

ጉድጓዱ ጥልቅ ነበር፤ በዚያ ዝናብ ብቻውን ቆፍሮት ውሃውን በቅል ሲቀዳ እንደነበር ያስታውቃል። አስገባነው፤ አፈር መለስንበት። ሻሎ ጥቂት ቃል በሹክሹክታ ተናገረ፤ ሼሁ መዳፋቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ ቄሱ አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

ስንመለስ ከዳገቱ ስር ወዳለው ወንዝ ወርጄ እጄን መታጠብ ጀመርኩ። በአሸዋ ፈተግኩት። ደግሜ ፈተግኩት። ቆዳዬ እስኪቀላ። ቀና ስል ሻሎ ከእኔ ዝቅ ብሎ፣ ውሃው ወደ እኔ እንዳይመጣ ከታች በኩል ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። የማጥበው የትኛውን ቦታ እንደሆነ ያኔ አየሁ። የአባቴ ሬሳ የነካኝን አልነበረም። ሬሳውን ስናስገባ የሻሎ እጅ የነካኝን ቦታ ነበር የምፈትገው። እሱም ገብቶታል። ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

አስተውሉ፤ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው።

ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ሲደርስበት በአንድ ቀን ይለወጣል ብላችሁ አትጠብቁ። ለቄሱ የተናዘዝኩት ከወር በኋላ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ ፊት በሐሰት መማሌን ተናግሬ ኃላፊነቴን ለቀቅኩ። በክፍሌ ውስጥ ሦስት የማንጆ ልጆች ነበሩ፤ ለብቻቸው ኋላ ወንበር ያስቀመጥኳቸው እኔ ነበርኩ። ወደ ፊት አምጥቼ ከሌሎቹ ጋር አቀላቀልኳቸው። በሳምንቱ ወላጆች ልጆቻቸውን ማስቀረት ጀመሩ፤ ወሩ ሳያልቅ ወደ ሚዛን ተፈሪ ተዛወርኩ። ወዲህ ከመጣሁ በኋላ ሻሎን ይቅርታ ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ደጁ ላይ ሆኖ ሲያየኝ ብድግ ብሎ «ስለ አንተ ልሙት ጌታዬ» አለኝ። «እባክህ እንዲህ አትበለኝ» ስለው ግራ ተጋባና «ታዲያ ምን ልበልህ?» አለኝ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሞተ፤ ሳልሰማ ተቀበረ።

እኔ ሃይማኖቴን አልተውኩም። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ቆሜ አስቀድሳለሁ። ሰው ማረም ግን ትቻለሁ። አንድ ሰው «የእገሌ ነፍስ» እያለ ሲቆጣ ስሰማ ያ ሽታ ይመጣብኛል፤ ምሳ ላይ ከሆንኩ እነሣለሁ። እናንተም ቤት የአባት ወይም የእናት ኑዛዜ ይኖር ይሆናል፤ ደስ የማይላችሁ፣ በሰው ፊት የሚያሳፍራችሁ። እኔ ምክር የመስጠት ሞራል የለኝም። የሆነውን ብቻ ነው የነገርኳችሁ።

ከድርን ለአሥር ዓመት ያህል አላገኘሁትም። አንድ ቀን ከሚዛን አጠገብ ባለችው አማን ከተማ ሻይ ቤት በር ላይ ተገጣጠምን። አርጅቷል፤ ጢሙ ነጭ ሆኗል። ተቀመጥን። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ስለ ልጆቹና ስለ ቡና ምርት አወራን። ከዚያ ድንገት፣

«ያኔ ዋሽቻለሁ» አለኝ። «ያን ጁምዓ ስሄድ አባባ ተኝቶ ነበር። ሳልቀሰቅሰው ተመለስኩ። አንድ ቃል አልተናገረም።» ከዚያ ቀና አለና «አንተስ ተካ? አንተም ያው ነህ፤ አይደል? ምንም አላለህም» አለ።

«ምንም አላለኝም» ብዬው ቢሆን አብረን ልንስቅ፣ አብረን ልንጸጸት፣ ወንድማማች ልንሆን እንችል ነበር።

«ብሎኛል ጋሼ» አልኩት። «ሻሎ የተናገረው እውነት ነው። ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

ከድር ብርጭቆውን ወደ ፊት ገፋ አደረገው።

«እኔ ያልተባለ ነገር ጨመርኩ» አለ። «አንተ ግን የተባለውን ነው የቀበርከው።»

ተነሥቶ ሄደ። አልተከተልኩትም።